የሰበሰባችሁት ሥዕል በእጃችሁ ነውን?

እናቶቻችን ጎረቤት ቤት ያዩት የዳንቴል ሥራ ዓይናቸውን የሳበው እንደ ሆነ፣ ክርና ኪሮሻቸውን ይዘው ይሄዱና ሁለት ሦስት አበባ ሠርተው ይመለሱ ነበር። ያችን ቁራጭ «ናሙና» ብለው ከሳጥን ውስጥ ያኖሯታል። ከዓመታት በኋላ ልጅ ስትዳር ወይም የአልጋ ልብስ ሲያስፈልግ ናሙናዋ ትወጣለች፤ ዓይን ይቈጥራል፣ እጅ ይሠራል። የሹራብና የቀሚስ ሥዕልም ከመጽሔት ተቀዶ በደብተር ላይ ይለጠፍ ነበር። ቡርዳ የተባለው የጀርመን መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የልብስ ቅድ የታተመበትን ወረቀት አጥፎ በውስጡ ማውጣቱ፣ በብዙ አገር ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከሥዕሉ አልፈው ልኩን ጭምር በእጃቸው እንዲይዙ ረድቷቸዋል።

ዛሬ ያ ሳጥንና ያ ደብተር ወደ እጅ ስልክ ተዛውረዋል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ የልጆች ሹሩባ፣ የልደት ኬክ፣ የሳሎን መጋረጃ፣ የጠባብ ማድ ቤት አደረጃጀት፣ የሠርግ አዳራሽ ማስዋቢያ የሚፈልጉ እኅቶች ሥዕሉን ከሚመርጡባቸውና ከሚያኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ፒንተረስት የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ላይ በወር ከ550 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጠቀሙበት እንደ ነበር ኩባንያው አስታውቋል። ከመሥራቾቹ አንዱ ቤን ሲልበርማን በልጅነቱ ነፍሳትን እየሰበሰበ ያስቀምጥ እንደ ነበር ተናግሯል። ስሙም ከዚሁ አይርቅም፤ ፒን ማለት ስፒል ነውና። የወደዳችሁትን ሥዕል በስፒል ወግታችሁ በሰሌዳ ላይ እንደ መስቀል ያለ ነው። ሰሌዳው ቦርድ ይባላል፤ አንዱን ቦርድ ለቀሚስ፣ ሌላውን ለምግብ፣ ሦስተኛውን ለቤት ዕቃ እያላችሁ ስም ትሰጡታላችሁ።

ነገሩ መልካም ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የቤት ቦታ አይዝም፤ አቧራ አይጠጣም። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስፒሉ የእናንተ ቢሆንም የተሰካው በሰው ግድግዳ ላይ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድን ሥዕል ወደ ቦርዳችሁ ስታስገቡ ሥዕሉ ወደ ስልካችሁ አይመጣም። ቅጂው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩም ሥዕሉ የተገኘበት ገጽ አድራሻ ይያያዛል። እናንተ ዘንድ ያለው ወደዚያ የሚያመለክት ምልክት ነው። የኬክ ሥዕል ብታስቀምጡ ሥዕሉ በኩባንያው ዘንድ ነው፤ ስንት ኩባያ ዱቄት፣ ስንት እንቁላል፣ ምን ያህል ደቂቃ የሚለው ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ገጽ ላይ፣ በሌላ አገር ነው ያለው። ያ ሰው ገጹን የዘጋው እንደ ሆነ ኬኩ በቦርዳችሁ ላይ እያማረ ይቀራል፤ ስትነኩት ግን የሚከፈት ነገር የለም። ይህም አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በ2013 ከነበሩት የኢንተርኔት ገጾች መካከል 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም።

ሥዕሉም ራሱ የሚጠፋበት መንገድ አለ። የሥዕሉ ባለ መብት አቤት ካለ ሥዕሉ ከተሰቀለበት ቦርድ ሁሉ ሊነሣ ይችላል። ቦርዱ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ የተከፈተ ሆኖ ባለቤቷ ከሰረዘችው የሁላችሁም ድካም አብሮ ይሄዳል። አካውንት ያለ ጥፋት የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አንዳንድ አካውንቶች በውስጥ ስሕተት ምክንያት መዘጋታቸውን ኩባንያው ራሱ አምኗል።

አገልግሎቱ በሙሉ የሚዘጋበት ጊዜም ይመጣል። ፖሊቮር የሚባለውን የምታስታውሱ ትኖሩ ይሆናል። ሴቶች ቀሚስን ከጫማ፣ ጫማን ከቦርሳ እያዛመዱ ሥዕል የሚያደራጁበት፣ በልብስ ወዳጆች ዘንድ እጅግ የታወቀ አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ሌላ ኩባንያ ገዛውና ወዲያውኑ ዘጋው። ተጠቃሚዎቹ ሥራቸውን እንዲያወርዱ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሜይ 15 ድረስ፣ ማለትም አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። በዚያ ወር የታመመች፣ የወለደች፣ ወይም ማስታወቂያውን ያላየች ሴት የዓመታት ስብስቧን አጥታለች ማለት ነው። ከዚህም በቅርቡ፣ ጽሑፍ ለኋላ ንባብ ማስቀመጫ የነበረው ፖኬት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አገልግሎቱን አቁሟል። ፒንተረስት ነገ ይዘጋል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚያሰኝ ምልክት የለም። ሆኖም የዛሬ መኖሩ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሐበሻ ልብስ የሚሰፉ አንዲት እናት ያጫወቱኝ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ኩባንያ አልተዘጋባቸውም፤ ሥዕልም አልተሰረዘባቸውም። ስልካቸው ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ፤ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ የስፌት መኪናቸውን ከሸፈኑ በኋላ፣ እየመረጡ ያስቀመጧቸው የቀሚስ ሥዕሎች በአንድ ቦርድ ላይ ነበሩ። ደንበኛ ስትመጣ ሻይ ያቀርቡና ስልኩን ይሰጧታል፤ እርሷም እያገላበጠች «ይኸኛው» ትላለች። ያ ቦርድ የሱቃቸው መስኮት ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ ስልክ ገዝተው ፒንተረስትን ሲከፍቱ ግን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ተጠየቁ።

«እኅቴ፣ እኔ ኢሜይል የሚባለውን ነገር ያኔ የት አውቄው!» አሉኝ እየሳቁ። «መጀመሪያ ስልክ ስገዛ የሱቁ ልጅ ነው የከፈተልኝ። ምን ብሎ እንደ ጻፈው እንኳ አላየሁም። አሁን ሱቁም የለም፣ ልጁም የት እንደ ሄደ አላውቅ።»

የድሮውን የስልክ ቁጥራቸውን አስወጥተው ሊሞክሩ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ከአካውንቱ ጋር ቁጥር አልተያያዘም። ቦርዱ ዛሬም አለ። ለሰው ሁሉ የሚታይ ስለ ነበር የእኅታቸው ልጅ በራሷ ስልክ ፈልጋ አገኘችው። እሳቸውም ያዩታል፤ ነገር ግን አንዲት ሥዕል ሊጨምሩበትም ሆነ ሊያነሡበት አይችሉም። የራሳቸውን ቤት ከጎረቤት መስኮት እንደ ማየት ሆነባቸው።

ልጅቷ ጐበዝ ናትና ሦስት ማታ ቁጭ ብላ ሥዕሎቹን እንደ ገና አወረደችላቸው። ታዲያ ምን ጠፋ ትሉ ይሆናል። የጠፋው ጽሑፉ ነው። ፒንተረስት ላይ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ለራስ ብቻ የሚሆን ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ ሌላ ሰው አያየውም። እኒህ እናት በዚያ ላይ ያላሰፈሩት አልነበረም፦ ጥለቱን የትኛው ሸማኔ እንደሚያወጣው፣ ጨርቁ መነን ይሁን ሳባ፣ ስንት ሜትር እንደ ፈጀ፣ እጅጌው ሲሰፋ የት ላይ እንዳስቸገረ፣ ለማን በስንት እንደ ሸጡት። ሥዕሉማ ለማንም ይገኛል። ስድስት ዓመት የተጠራቀመው ዕውቀት ግን የሚታየው በእሳቸው አካውንት ብቻ ስለ ነበር፣ አካውንቱ ሲቈለፍ አብሮ ተቈለፈ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ፒንተረስት መጠባበቂያ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሥዕሎቹን ስለ ማውረድ ነው። ማውረዱ ይጠቅማል፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ይቀድማል፦ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ማወቅና ከሥዕሉ ጋር የሚሄደውን ቃል መያዝ።

ከቁልፉ እንጀምር። በከተማችን ስንት እናት ናት በስልክ ሻጭ፣ በወንድም፣ በባል ወይም በልጅ በተከፈተ ኢሜይል የምትሠራው? ስሙ የእርሷ ነው፤ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው ዘንድ ነው። ባልም ቢሆን ወንድም፣ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ይረሳል፣ ይሄዳል፣ ስልክ ይቀይራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልካችሁን ክፈቱና የፒንተረስትን ማስተካከያ ተመልከቱ። አካውንቱ በየትኛው ኢሜይል እንደ ተከፈተ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ያ ኢሜይል የእናንተ ካልሆነ ወይም የይለፍ ቃሉን ካላወቃችሁት፣ ስልኩ በእጃችሁ እያለ አሁኑኑ የራሳችሁን ከፍታችሁ ቀይሩት። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ ያስቸግራል። የኢሜይሉንም መመለሻ የስልክ ቁጥር የምትሠሩበት ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ሲም ካርድ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና። በፌስቡክ በኩል የምትገቡም ካላችሁ፣ ፌስቡኩ ሲቈለፍ ፒንተረስቱም አብሮ እንዳይዘጋባችሁ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጨምሩበት።

የይለፍ ቃሉን የት እንጻፈው ትሉ እንደ ሆነ፣ በስልኩ ውስጥ ብቻ አትጻፉት። የቤት ካርታና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ከሚቀመጡበት ፖስታ ውስጥ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አኑሩት። በይለፍ ቃል ጉዳይ «ወረቀት ላይ አትጻፉ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ይህ ብዙ ሰው ለሚገባበት መሥሪያ ቤት ይስማማ ይሆናል፤ ለቤት እመቤት ግን የተቈለፈ ሣጥን ከጠፋ ትዝታ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ምርጫ ይመጣል። ሁሉን ላውርድ ያለች አንዱንም ሳትጨርስ ትተወዋለች። እስቲ ቦርዳችሁን በቅን ልቡና ተመልከቱት። ሦስት መቶ የኬክ ሥዕል ሰብስባ የልጇ ልደት ሲደርስ ከኬክ ቤት የምትገዛ ስንት አለች! ይህ ኀጢአት አይደለም፤ ሥዕል ማየትም መዝናኛ ነውና። ነገር ግን ለመዝናናት የታየውንና ለሥራ የሚፈለገውን ለዩ። ሠርታችሁ ያያችሁት፣ ለመሥራት የቈረጣችሁት፣ ደንበኛ የጠየቀችው፣ የዘመድ ሠርግ ወይም የልጅ ክርስትና ትዝታ ያለበት፤ እነዚህ ቢበዙ ሃምሳ ወይም መቶ ናቸው። ለእነርሱ አንድ የተለየ ቦርድ ክፈቱና ወደዚያ አዛውሯቸው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአሁኑ ጊዜ በፒንተረስት ላይ ከሚታዩት ሥዕሎች ብዙዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ ናቸው። ኩባንያውም ከ2025 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ለይቶ ምልክት ማድረግ ጀምሯል። እንዲህ ያለው ቀሚስ ከቶ ያልተሰፋ ቀሚስ ነው፤ ስፌቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ጥለቱም በሸማኔ ዕቃ ላይ የማይወጣ ሊሆን ይችላል። ልብስ ሰፊዋ «ይህን አልችልም» ስትል ሙያ አጥታ አይደለም። የሹራብና የዳንቴል ሥዕል ላይ ደግሞ ዓይኑን ለመቍጠር ሞክሩ፤ የማይቈጠር ከሆነ ለማቈየት አትድከሙ።

አወራረዱ ቀላል ነው። ሥዕሉን ትከፍቱና ሦስት ነጥብ ያለበትን ምልክት ትነካላችሁ፤ «ዳውንሎድ ኢሜጅ» የሚለውን ስትመርጡ ሥዕሉ ከስልካችሁ የፎቶ ማኅደር ይገባል። አንድ በአንድ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለዚህም ነው ምርጫው የሚቀድመው። ሥዕሉ ሲወርድ ግን ብቻውን ነው የሚመጣው፤ የተገኘበት ገጽ አድራሻና የጻፋችሁት ማስታወሻ አይከተለውም። ስለዚህ የምግብ አሠራር ወይም የሹራብ ቍጥር ከሆነ ወደ ዋናው ገጽ ገብታችሁ ጽሑፉን ቅዱ፤ ቢያንስ ስክሪንሾት አንሡ። ጽሑፉ ባለቤት እንዳለውም አትርሱ። ለቤታችሁ ሥራ ገልብጦ መያዝ ሌላ፣ የሰውን ድካም የራስ አስመስሎ ማውጣት ሌላ ነው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያወርድ መተግበሪያ አለ የሚሉ ማስታወቂያዎች ያጋጥሟችኋል። አንዳንዶቹ የሚሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅ ማንኛውም መተግበሪያ ቢመጣ አትስጡት። ከኩባንያው ራሱ የሚገኝ መንገድም አለ። በማስተካከያው ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ዳታ» በሚለው ሥር ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ እንዲልኩላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ዝግጁ ሲሆን በኢሜይል ያሳውቋችኋል። የሚላከው በይበልጥ የቦርዶቻችሁና የፒኖቻችሁ ዝርዝር ከነአድራሻቸው ነው፤ እንደ አልበም የሚገለጥ የሥዕል ክምችት አድርጋችሁ አትጠብቁት። አካውንቱ ቢጠፋ ምን ምን እንደ ነበራችሁ ለማወቅ ይረዳልና በዓመት አንድ ጊዜ ማመልከቱ አይከፋም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። የወረደው ሥዕል በስልካችሁ ውስጥ ቍጥርና ፊደል የተደባለቀበት ስም ይዞ ይቀመጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከልጆቹ ፎቶና ከዕድር ማስታወቂያ መካከል አታገኙትም። ስሙን ለውጡ። «የጥምቀት ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥለት፣ 4 ሜትር» ያለ ስም ለራሳችሁም ለልጃችሁም ይናገራል። የምግብ ከሆነ ልኩን በራሳችሁ መስፈሪያ ጻፉት። የውጭው ጽሑፍ ኩባያ ሲል የእነርሱ ኩባያ ነው፤ የእናንተ የቡና ስኒ ወይም የሻይ ብርጭቆ ምን ያህል እንደሚይዝ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያን የመሰለውን ቅቤ በዘይት ለውጣችሁ ሠርታችሁ ከሆነም ያንኑ አስፍሩ። ጸጕር ሠሪ እኅቶች ደግሞ ሹሩባው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ለምን ዓይነት ጸጕር እንደማይስማማ ቢጽፉ ከሥዕሉ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ይህን ሁሉ የት እናኑረው? ፒተር ክሮህ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰፊው ያስተዋወቀው አንድ ሥርዓት አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ሆነ ብዙ ፋይል ለያዘ ሰው ነው የተናገረው፤ ለእኛም ግን ይበቃል፣ አይበዛም። አንዱ ቅጂ በስልኩ ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው በፍላሽ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ከቤት ውጭ የሚባለው ጐግል ድራይቭ ወይም ጐግል ፎቶስ ሊሆን ይችላል፤ እስከ 15 ጊጋባይት ድረስ አይከፈልበትም፤ መቶ ሥዕል ደግሞ ከዚህ ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል ቦታ ነው የሚይዘው። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የጐግል አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችል ኩባንያው ደንብ አውጥቷልና አልፎ አልፎ ግቡበት።

ብዙዎቻችን ደግሞ ቴሌግራምን እንወዳለን። ለራስ መልእክት በሚቀመጥበት በ«ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ሥዕል መላክ ቀላል ነው። በፎቶ መልክ የላካችሁት እንደ ሆነ ግን ሥዕሉ ይጨመቅና ጥራቱ ይቀንሳል፤ የጥልፍ ዓይን መቍጠር አትችሉም። በፋይል መልክ ላኩት። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንትም ራሱን እንደሚያጠፋ ዕወቁ።

ስለ ፍላሽ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሥዕል ለማሳተም ወደ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ዋናውን ፍላሽ ይዛችሁ አትሂዱ። በቀን ስንት ፍላሽ ከሚሰካበት ኮምፒዩተር ቫይረስ ይዞ የሚመለስ ፍላሽ ያልገጠማት ጥቂት ናት። ለማሳተሚያ የሚሆነውን ብቻ በሌላ ፍላሽ ገልብጣችሁ ሂዱ።

ማሳተሙን ራሱ እደግፋለሁ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ በቈየ ጊዜ በደመና ላይ ያለ ቦርድ ለማንም አልተከፈተም፤ የታተመ ወረቀት ግን መብራትም ኔትዎርክም አይጠይቅም። እኒያ የሽሮ ሜዳ እናት አሁን የሚሠሩት በሃርድ ከቨር ደብተር ነው። በአንዱ ገጽ ሥዕሉ ይለጠፋል፤ በፊት ለፊቱ ገጽ የክሩ ቁራጭና የጨርቁ ጥግ በፕላስተር ይያዛል፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ ልኩና ዋጋው ይጻፋል። ስልክ የክርን ቀለም በትክክል አያሳይምና ደንበኞቹም ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ መምረጡን ወደውታል ይላሉ። ከጠፋው ማስታወሻ ያስታወሱትን ያህል መልሰው ጽፈውበታል። የእኅታቸው ልጅ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የተጨመረውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥታ ታስቀምጥላቸዋለች።

ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ሠርግ የምታሰናዱ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ሙሽራዋ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆና ቀሚሱ አዲስ አበባ ሲሰፋ፣ ሁለቱም ወገን የሚያዩት የጋራ ቦርድ መክፈት የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ የስልክ ወጪም ያድናል። የቦርዱ ባለቤት የከፈተችው ናት። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋ ስታጸዳ ብትሰርዘው ሰፊዋ ያሻሻለችውም ሥዕል አብሮ ይሄዳልና፣ ሥራው እንዳለቀ የየራሳችሁን ቅጂ ውሰዱ። በቦርዱ ላይ የልጆች ፎቶ፣ የሰውነት ልክ ወይም የቤት አድራሻ ካለበት ቦርዱን «ሲክሬት» ወደሚለው ለውጡት፤ ያን ጊዜ የጋበዛችኋቸው ብቻ ያዩታል። ከእንግዲህ የማትፈልጉትን ቦርድ ከመሰረዝ ይልቅ «አርካይቭ» ማድረግ ይሻላል፤ ከፊት ይነሣል እንጂ አይጠፋም።

አካውንታችሁ ከእጃችሁ የወጣ ካላችሁ ገና ተስፋ አትቍረጡ። በመጀመሪያ በድሮው ስልክ ወይም በልጆች ታብሌት ላይ ሳይዘጋ የቀረ መግቢያ እንዳለ ፈልጉ፤ ከተገኘ ከዚያው ላይ ኢሜይሉን መቀየር ይቻላል። ከሌለ በዘመድ ስልክ ስማችሁንና የቦርዱን ርእስ እየጻፉ መፈለግ ነው፤ ሲክሬት ካልነበረ ይገኛልና ሥዕሎቹን ከዚያ ወደ አዲሱ አካውንት ታስቀምጣላችሁ። በጋራ ቦርድ ላይ ከነበራችሁ ጓደኛችሁ እንደ ገና ልትጋብዛችሁ ትችላለች። አካውንቱ በኩባንያው የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ለመዘጋቱ የላኩትን ኢሜይል አትሰርዙት። አቤቱታውን ስታቀርቡ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይልና የተጠቃሚውን ስም አስተካክላችሁ ጻፉ፤ ከላይ የተናገርነውን ወረቀት ከፖስታው የምታወጡት ያን ጊዜ ነው።